የሸውቂያ ዓይንና የሸሓታ እግር

ሸውቂያ በሕይወት ዘመኗ ልትጎዳው ብላ የተነሳችበት ፍጡር ቢኖር እርግቦቿን ሊበላ ሰገነቱ ላይ የወጣ አንድ ድመት ነው፤ እሱንም ጫማ ወርውራ ሳተችው። በምትኖርበት ከተማ በጠህታ ግን ሸውቂያ በመንገድ ስታልፍ እናቶች ልጆቻቸውን ቀሚሳቸው ሥር ይሸጉጣሉ። ነገሩ የመጣው ከመልኳ ነው። ዓይኗ ሰማያዊ ነው፤ ከአባቷ ወገን የወረደ። የፊት ጥርሷ ደግሞ ፍንጭት ነው። ፍንጭት ሌላ አገር ቢሆን ይዘፈንለት ይሆናል። እዚህ ግን ሰማያዊ ዓይንና ፍንጭት ጥርስ አንድ ፊት ላይ ከተገናኙ ያቺ ሴት አይታ ያደነቀችው ነገር አይበረክትም ይባላል።

ማስረጃም አልጠፋም። ልጅ ሳለች የጎረቤቶቹን የምትታለብ ጎሽ አይታ «ወተቷ ሲያምር» አለች፤ ጎሿ በሳምንቷ ቦይ ውስጥ ገብታ ሞተች። ጎሿ አርጅታ እንደነበርና አንድ ዓይኗም እንደማያይ ያነሳ የለም። ወንድሟ ኸለፍ አዲስ ቴሌቪዥን ሲያስገባ «ምስሉ ሲጠራ» አለች፤ ማታውኑ ተቃጠለ። ያን ማታ መብራቱ ሄዶ ሲመለስ ጉልበቱ በርትቶ የመንገዱን ግማሽ ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን አቃጥሏል፤ የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቱን ግን በዓይን የጠረጠረ አንድም ሰው አልተገኘም። ባሏም ኩዌት ለሥራ ሲሄድ ጣቢያ ድረስ ሸኝታ «ሱፉ እንዴት አምሮብሃል» ስላለችው እዚያው ሌላ አግብቶ ቀረ። ይህም በሷ ዓይን ላይ ተደመረ።

ከዚያ ወዲህ ሸውቂያ ብልሃት አበጀች። የወደደችውን ሁሉ ታንቋሽሻለች። ሙሽራ ስታይ «ምን ዓይነት ጉድ ናት»፣ ሕፃን ስታይ «ሲያስጠላ» ትላለች። ሴቶቹም ይህን ሰምተው «ቅናት ሊፈነዳት ነው» ይላሉ።

እናቷ ሐጃ በሂያ ክፉ ሴት አይደሉም፤ ልጃቸውንም ይወዳሉ። ለሰው ሲያስረዱ «ልቧ ንጹሕ ነው፤ እሱ ከኔ ነው። ዓይኗ የአባቷ ነው» ይላሉ። አባቷ ከሞቱ ቆይተዋልና የሚከራከራቸው የለም።

የኸለፍ ሚስት ሃናእ ስታረግዝ፣ ከዚያ በፊት የያዘቻቸው ሁሉ ሳይጠኑ ስለወረዱባት፣ ወሬው ከሸውቂያ እንዲሰወር ተደረገ። አንድ ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ ሸውቂያ ሰገነቱ ላይ ባለችው ክፍል ከእርግቦቿ ጋር፣ እነሱ ታች። «ሃናእ ጨጓራዋን አሟታል» ተባለች። ጨጓራው በየወሩ ወደ ፊት እየገፋ ሲመጣ ደግሞ «ባቄላ አብዝታ ነፍቷት ነው» አሏት። ሸውቂያ ግን ሃናእ ደረጃው ላይ ወገቧን ይዛ ስትቆም ያየቻት ቀን ሁሉንም አውቃለች። አውቃም ፊቷን ወደ እርግቦቹ መለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሃናእን ኮቴ ስትሰማ እስኪያልፍ ድረስ ክፍሏን ዘግታ ትቀመጥ ነበር። ያንን ልጅ ከቤቱ ሰው ሁሉ አብልጣ የፈለገችው እሷ ሳትሆን አትቀርም፤ የጠየቃት ግን የለም።

ልጁ ጊዜው ሳይደርስ መጣ። የሃናእ ደም ግፊት ከልክ አልፎ ሐኪሞቹ በቀዶ ሕክምና አወጡት፤ መዳፍ የማይሞላ ነገር። ኸለፍ ያሲን ሊለው አስቦ ነበር። ሐጃ ሸሓታ አሉት፣ ለማኝ ማለት ነው።

«እማዬ፣ ሰው ልጁን ለማኝ ብሎ ይጠራል?»

«ያሲንን ሰው ይመኘዋል። ለማኝን ማን ይመኘዋል?» ብለው ነገሩን ዘጉት።

የሆስፒታሉ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሐኪም ዶክተር ሙኒር ጎበዝ ነው፤ ጎበዝ መሆኑንም አሳምሮ ያውቃል። የሸሓታ የክንዱ ደም ስር መርፌ የሚችል ስላልነበረ ከእምብርቱ ላይ በቀረችው የእትብት ቁራጭ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ከትልቁ የደም ቧንቧ አደረሰለት። የደም ግፊቱ የሚለካውም፣ ለምርመራ ደም የሚቀዳውም በዚያች ቱቦ ነው፤ ልጁ በየጊዜው አይወጋም። ዶክተሩ ጓንቱን ሲያወልቅ «እኔ ያስገባሁት ቱቦ እስከ ዛሬ የአንድ ሕፃን እግር አላበላሸም» አለ። ነርሷ ሲስተር ኢብቲሳም ቶሎ ብላ የእንጨቱን ጠረጴዛ ነካች። ዶክተሩ ሳቀባት፤ ዞር ስትል ግን እሱም ነካው።

እግር ያነሳው በከንቱ አይደለም። እንዲህ ያለው ቱቦ አንዳንዴ ደም ስሩን ያኮማትረዋል፣ ወይም ደም ይረጋበትና ወደ እግር የሚወርደውን ያግዳል። መጀመሪያ የሚያሳብቁት ጣቶቹ ናቸው። ስለዚህ ቱቦ ያለበት ልጅ እግሩ አይሸፈንም፤ የክፍሉ ሕግ ነው። ሲስተር ኢብቲሳም ይህን ሁሉ ለሐጃ በትዕግሥት አስረዳቻቸው። «ሐጃ፣ እግሩ ተገልጦ ነው የሚቀመጠው፤ የገባ የወጣው ሁሉ እንዲያየው።»

ከዚያ ሁሉ ማብራሪያ ሐጃ ይዘው የወጡት መጨረሻዋን ብቻ ነው። የገባ የወጣው ሁሉ እንዲያየው። ስንት ዓመት የተለመነ ወንድ ልጅ፣ ራቁቱን፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ ለገባ ለወጣው። ሐጃ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። በማግስቱ በጉብኝት ሰዓት ደረታቸው ውስጥ ሸሽገው ያመጡትን ነጭ የሱፍ ካልሲ አጠለቁለት፤ ካልሲው ላይ ከዓይን የሚጠብቅ ሰማያዊ ዶቃ ተሰፍቶበታል። ተረኛዋ ነርስ ስትጠይቃቸው «ዶክተሩ ነው ያዘዘው፣ እንዳይበርደው» አሏት። ዶክተሩ ሊጎበኝ ሲመጣ ነርሶቹ አውቀው ያለበሱት መሰለው። ዶቃውንም አይቷል። ዶቃ የተሰፋበትን ነገር ከሕፃን ላይ ማውለቅ ደግሞ፣ የተማረ ሰው ቢሆንም፣ ደስ አላለውም። አለፈው።

በሳልስቱ የሐጃ ስኳር ከፍ አለና ከአልጋ መነሳት አቃታቸው። ሃናእ የሆዷ ስፌት ገና ሳይድን ሆስፒታሉ ፎቅ ላይ ተኝታለች። ኸለፍ የሕፃናቱ ክፍል በር ላይ አንዴ ወድቆ እሱን ራሱን አንስተውታል። የሃናእን ወተት በጠርሙስ ከፎቅ ተቀብሎ ለሕፃኑ የሚያደርስ የቀረ ሰው ሸውቂያ ብቻ ናት። ሐጃ ሌላ ሰው ፈልገው ፈልገው ሲያጡ አስጠሯት።

«ወተቱን በሩ ላይ ትሰጫለሽ። አትገቢም።»

«እሺ እማዬ።»

«ግድ ግቢ ቢሉሽ አታዪውም።»

«እሺ።»

«ብታዪውም ፊቱን አታዪ።»

«ፊቱን ካላየሁ ታዲያ ምኑን ልይ?»

ሐጃ አሰቡ። «ወለሉን እዪ» አሉ በመጨረሻ፤ ከዚያም ኸለፍ ሞተር ሳይክል ሲነዳ የሚያደርገውን ጥቁር መነጽር አውጥተው ሰጧት። ሸውቂያ በዚያ መነጽር ከሆስፒታሉ ስትደርስ ዘበኛው ባለሥልጣን መስላው ብድግ አለላት።

የሕፃናቱ ክፍል በር ላይ የተቀበለቻት ሲስተር ኢብቲሳም ናት፤ ከዕረፍቷ የተመለሰችበት ቀን ነበር፤ ገና ተራዋን ይዛ ሁሉንም ሳጥን እንኳ አልዞረችም።

«የሸሓታ አክስት ነሽ?»

«ነኝ። ወተቱን እንቺና ልሂድ።»

«ወዴት? ዛሬ እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ጓደኛዬ ልጇ ታሞባት ቀርታለች። እጅሽን ታጠቢ፣ ይሄን ልበሺ፣ ግቢ። የጠርሙሱን ስምና የልጁን ስም ሳላመሳክር ወተት አልቀበልም። መነጽሩንም አውልቂው፤ እዚህ ባሕር ዳር የለንም።»

«ዓይኔ...»

«ምን ሆነ? የሚጋባ ሕመም ከሆነ ጭራሽ አትገቢም። ያምሻል?»

ሸውቂያ ውሸት አይሆንላትም። «አያመኝም» አለችና አወለቀችው። ሲስተር ኢብቲሳም ዓይኗን አየች፤ ፍንጭቷንም አየች። ከንፈሯ ያለ ድምፅ ሲንቀሳቀስ ታየ። ለመጠበቂያ የምትቀራው ምን እንደሆነ ሸውቂያ ከነአንቀጹ ታውቀዋለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሲቀራባት ኖራለችና።

ገቡ። ሸውቂያ ወለሉን እያየች ነው የሄደችው፤ የክፍሉን ሸክላ ንጣፍ እስከነስንጥቁ አወቀችው። ከሸሓታ ሳጥን አጠገብ ሲደርሱ ክፍሉ ማዶ አንዱ መሣሪያ መጮህ ጀመረና ሲስተር ኢብቲሳም ወደዚያ በረረች። አንዱን ሕፃን ገልብጣ ጀርባውን እያሻሸች ሳለች ጮክ ብላ፣

«የእግሩ አምባር ላይ ስሙ አለ፤ ጎንበስ ብለሽ አንብቢልኝ» አለች።

«እኔ?»

«ሌላ ማን አለ?»

ሸውቂያ ተጨነቀች። ፊቱን እንዳታይ ነው የታዘዘችው፤ እግር ፊት አይደለም። ቀና ሳትል እጇን በሳጥኑ መስኮት አስገብታ የመጀመሪያውን ካልሲ አወረደች። አምባር የለበትም። ጽጌረዳ የመሰለች፣ አውራ ጣቷን የማታክል እግር ብቻ ናት። ልቧ ቀለጠ። «ሲያስጠላ» አለች ቶሎ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሁለተኛውን አወረደች። አምባሩ አለ፤ ስሙም አለ። ጣቶቹ ግን በር የቀረጠፋቸው ይመስላሉ፤ ወደ ሰማያዊ ጠቁረዋል። ነካቻቸው። ቀዝቃዛ ናቸው።

ለሸውቂያ መጀመሪያ የመጣላት ጎሿ ናት። ጎሿ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የባሏ ሱፍ። አሁን ካልሲውን ቀስ አድርጋ ብትመልሰው፣ ስሙን አንብባ ወተቱን ሰጥታ ብትወጣ፣ የሚያውቅ የለም፤ ነርሷ ቆይታ ራሷ ታገኘዋለች። ብትናገር ግን ያየችው እሷ ናት። አየሁ ያለችውን ነገር ደግሞ በዚህ ከተማ ያበላሸችው እሷ መሆኗን የሚጠራጠር የለም። ልጁ አንካሳ ቢሆን ሰው ሁሉ በሄደበት «አክስቱ አይታው» ይላል፤ ዕድሜ ልኩን፣ ዕድሜ ልኳን። ካልሲውን በሁለት ጣቷ እንደያዘች ቆመች። ከዚያ ያቺ ትንሽ እግር ካልሲው በነካት ጊዜ እንኳ እንዳልተንቀሳቀሰች አስተዋለች፤ ሌላኛዋ ግን ትራገጣለች።

«ሲስተር» አለች፤ «እነዚህ ሁለት እግሮች የአንድ ልጅ ናቸው?»

«ስሙን አንብቢ አልኩሽ እኮ።»

«ስሙ ሸሓታ ኸለፍ ነው። አንደኛው እግሩ ግን የእሱ አይመስልም።»

ሲስተር ኢብቲሳም መጥታ አየች። አልጮኸችም። ሁለቱንም ካልሲ መንጭቃ ስትጥል ዶቃው ተበጥሶ ሳጥኑ ሥር ተንከባለለ። «ይሄን ያለበሰው ማነው?» አለች፤ መልስ ሳትጠብቅ ግን ስልኩን አንስታ ነበር።

ዶክተር ሙኒር ሻዩን ጥሎ መጣ። ያዘዘው ነገር ሸውቂያን ግራ አጋባት፤ በሞቀ ጨርቅ ጤነኛው እግር እንዲጠቀለል አደረገ።

«ዶክተር፣ የታመመው እኮ ያኛው ነው።»

«አውቃለሁ። ይሄ ሲሞቅ የዚያም ደም ስር ይላላል። አንዳንዴ።»

ጠበቁ። ሸውቂያን «ውጪ» ያላት ሰው ስላልነበረ አልወጣችም። አሁን ወለሉን ማየቷን ትታለች፤ ዓይኗ ጣቶቹ ላይ ተተክሏል። ብዙ ቆዩ፤ ጣቶቹ ግን እንደጠቆሩ ናቸው። ዶክተሩ በእጁ ያስገባትን፣ የተመካባትን ቱቦ አያት። ከእንግዲህ ሌላ ማስገባት ቀላል እንደማይሆን ያውቃል። ለአፍታ አመነታ፤ ከዚያ የታሰረችበትን ክር ቆርጦ ቀስ እያለ መሳብ ጀመረ። መጨረሻዋ ላይ ደም እንዳይፈስ እጅግ ዘገየ፤ እምብርቱን በፋሻ ተጭኖ ይዞ ቆየ። ከቱቦዋ ጫፍ ጥቁር የረጋ ደም ተንጠልጥሎ ወጣ።

ቀለሙ መመለስ የጀመረው ከተረከዙ ነው። ቀስ በቀስ ወደ ጣቶቹ ሄደ፤ አውራ ጣቱ ቀላ፣ ቀጥሎ ያሉት ቀሉ። የትንሿ ጣት ጫፍ ብቻ እንደጠቆረች ቀረች። በመጨረሻ እግሩ ተራገጠ። ሸውቂያ ግድግዳው ላይ ተደግፋ አለቀሰች።

«ቀድሞ ያየው ማነው?» አለ ዶክተሩ። ሲስተር ኢብቲሳም በአገጯ አመለከተችው።

«እግሩን ያተረፍሽው አንቺ ነሽ» አላት። «ጥቂት ብንቆይ ኖሮ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ይሄድ ነበር። እግዜር ይስጥሽ።» ምስጋናው ከልቡ ነበር። ይህን ሲናገር ግን ሰማያዊ ዓይኗን አየና አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብሎ በእሷና በቀሩት ሳጥኖች መካከል ቆመ።

ወሬው ሐጃን ከአልጋቸው አስነሳቸው። ከሰዓት በኋላ በኸለፍ ትከሻ ተደግፈው ኮሪደሩ ላይ ደረሱ። ዶክተሩ ሁሉንም ነገራቸው፤ ቱቦውን፣ የረጋውን ደም፣ ካልሲውን። በተለይ ካልሲውን።

«እኔ ትናንት ሳየው ደህና ነበር» አሉ ሐጃ።

«ካልሲ ለብሶ እንዴት አዩት ሐጃ?»

«አላየሁትማ። ማንም ስላላየው ነው ደህና የነበረው።»

ዶክተር ሙኒር ወደ ሳጥኖቹ ተመለሰ። እሱም ያን እግር አላየውም ነበር።

ኸለፍ ወደ እህቱ ዞረ። «ሸውቂያ፣ አታዪውም ተብለሽ እሺ ብለሽ አልነበር?»

ሸውቂያ መነጽሩን ከኪሷ አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለትና በእግሯ ወደ ቤት ሄደች። ቅር ብሏት ነበር፤ በጣም። ከሁሉ የከፋው ግን እሷም መጠራጠሯ ነው። ካልሲውን ዝቅ ከማድረጓ በፊት ጣቶቹ ምን ይመስሉ ነበር? ያያቸው ሰው የለም። ያን ሳምንት እርግቦቿን እንኳ ቀና ብላ ሳታይ ነው ጥሬ የበተነችላቸው።

ልጁ ክብደት ጨምሮ ቤት ሲገባ ለአራስ ልጅ በሰባተኛው ቀን በልማድ የሚደረገው ድግስ ዘግይቶ ተደረገ። ሸሓታን በወንፊት አስተኙት፤ ሃናእ ተሻገረችው፤ አንዷ አሮጊት ሙቀጫውን ጆሮው ሥር እየደበደበች «እናትህን ስማ፣ አያትህን ስማ» አለችው። ሸውቂያ ከሰገነቱ እንዳትወርድ ተነግሯታል። «ለራስሽ ብዬ ነው፤ ደግሞ አንድ ነገር ቢሆን በአንቺ ይላከካል» ብለዋት ነበር ሐጃ፣ እውነትም ለእሷ አዝነው። ቀጥሎ ሐጃ ከወረቀት በሰው አምሳል የተቆረጠችውን አሻንጉሊት ይዘው በመርፌ እየወጉ የምቀኞቹን ስም መጥራት ጀመሩ። በሌላው ልጅ ድግስ ሁሉ የሸውቂያ ስም መጨረሻ ላይ፣ እንደ ማፈር ብለው፣ በለሆሳስ ነበር የሚጠራው። ዛሬ መጀመሪያ ተጠራ። «ከሸውቂያ ዓይን» ሲሉ ድምፃቸው በደረጃው በኩል ጥርት ብሎ ወጣ። ከዚያ ወረቀቷ ስትቃጠል ሸተታት።

እንግዳው ሲበተን ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ሸውቂያ እንደ ልማዷ ክፍሏን ዘጋች። ኮቴው አላለፈም። በሩን የገፋችው ሃናእ ናት፤ በአንድ እጇ የሆዷን ስፌት ደግፋ ይዛለች፣ በሌላው ልጁን።

«እማዬ ያውቃሉ?» አለች ሸውቂያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ።

«ተኝተዋል።» ሃናእ ልጁን ፍራሹ ላይ አስተኝታ ሁለቱንም ካልሲ አወለቀች። እነዚህም ዶቃ አላቸው፤ ከበፊቱ ተለቅ ተለቅ ያለ። «እዪው።»

«አላይም።»

«ዶክተሩ እግሩን ጠዋት ጠዋት እዩት፣ ቀለሙን ተከታተሉ ብሎናል። እሳቸው ካልሲውን አያስወልቁኝም። ኸለፍ ገና ጣቱን ሲያይ ይደነግጣል። እኔም ብቻዬን ማየት እፈራለሁ። ደህና ይመስለኛል፤ ከዚያ ደግሞ ስለምወደው ነው ደህና የሚመስለኝ እላለሁ።» የልጁን እግር በጣቷ አነሳች። «አንቺ ነሽ ያየሽው። ሁላችንም ስንሸፍነው ያየሽው አንቺ ነሽ። ነይ እዪልኝ።»

ሸውቂያ ዞረች። መጀመሪያ እግሩን አየች፤ ሁለቱም አንድ ናቸው፣ የትንሿ ጣት ጫፍ ብቻ ጎደል ብላለች። ከዚያ ዓይኗን ቀስ እያለች ወደ ላይ አወጣች። ፊቱን አይታው አታውቅም ነበር። ግንባሩ የኸለፍ ነው፤ አገጩ የሃናእ። ነቅቶ ያያታል። ዓይኑ ሰማያዊ ነው።

«ሲያስጠ...»

«ተይ» አለች ሃናእ። «እውነቱን ተናገሪ።»

ሸውቂያ ከባሏ ሱፍ ወዲህ ከአፏ ያልወጣውን ቃል ለማውጣት ብዙ ታገለች።

«ያምራል» አለች።

«ማሻላህ በይ» አለች ሃናእ ቶሎ ብላ።

«ማሻላህ።»

«ማሻላህ» አለች ሃናእም፣ ለማንኛውም። ከዚያ ሁለቱም ጎንበስ ብለው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ጣቶቹን እያዩ ጠበቁ። ብዙ ጠበቁ። ጣቶቹ እንደቀሉ ናቸው።